የተበላሸ ሃርድ ዲስክ በቆየ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ እንዴት ይቀየራል?

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ገደማ ተሠርተው እስካሁን በየቢሮው፣ በየጽሕፈት አገልግሎት ቤቱና በየመኖሪያ ቤቱ ለሚሠሩ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ነው። በምሳሌነት የምንጠቅሰው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ሲሆን፣ የዚያው ዘመን ለሆነው ኤችፒ ኮምፓክ ኤሊት 8300ም ሆነ ከእነርሱ ቀደም ላለው ኦፕቲፕሌክስ 780 አካሄዱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚጫኑት ቁልፎችና የዲስኩ ማቀፊያ ላይ ነው።

አንዱን ዲስክ ነቅሎ ሌላውን መግጠም ለጀማሪም ቢሆን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ኪሳራው የሚደርሰው ከዚያ በፊት ነው፤ ጤነኛው ዲስክ ተበላሽቷል ተብሎ ሲጣል፣ ወይም ሊሞት የተቃረበው ዲስክ ፋይሎቹ ሳይወጡለት ጥገና ሲሞከርበት። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት የሚከተሉትን ሁለት ክፍሎች ጨርሰው እንዲያነቡ እንመክራለን።

1. ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑን ማረጋገጥ

ሃርድ ዲስክ መበላሸት ሲጀምር ኮምፒውተሩ ለመነሳት ከወትሮው እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ፎልደር ሲከፈት ስክሪኑ ለብዙ ሰከንዶች ደርቆ ይቀራል፤ ፋይል ሲገለበጥ መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ዊንዶውስም በተነሳ ቁጥር ዲስኩን ልመርምር እያለ ይጠይቃል። ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ምልክት ድምፅ ነው። በእኩል ልዩነት የሚደጋገም «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ የዲስኩ ማንበቢያ ራስ ቦታውን መያዝ አቅቶት እየተመላለሰ ነው ማለት ስለሆነ ኮምፒውተሩን ወዲያውኑ ያጥፉት፤ ወደ ሁለተኛው ክፍልም ይለፉ።

«የሚነሳበት መሣሪያ አልተገኘም» የሚለው መልእክት ብቻውን ግን ዲስኩን አያስወነጅለውም። ከሁሉ አስቀድመው በዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ የተረሳ ፍላሽ አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ባዮሱ (ከዊንዶውስ ቀድሞ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ቅድሚያ ለፍላሽ እንዲሰጥ ተስተካክሎ ከሆነ አንድ ተራ ፍላሽ ተሰክቶ መገኘቱ ብቻ ኮምፒውተሩ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት። ይህች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በጠፋ ወይም የኃይል ገመዱ በተነቀለ ቁጥር የባዮሱ ማስተካከያ ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል። ምልክቱ በቀላሉ ይታወቃል፦ የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ይገኛል፤ ዴሎቹም ሲነሱ ሰዓቱ እንዳልተሞላ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ። በኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ የሳታ አሠራሩ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ፣ በባዮስ ውስጥ «ኤኤችሲአይ» ተብሎ ዊንዶውስ 7 ከተጫነ በኋላ፣ ባትሪው በማለቁ ምክንያት አሠራሩ ወደ «ሬይድ» ቢመለስ፣ ዊንዶውሱ መነሳት ጀምሮ በሰማያዊ ስክሪን ላይ ይቆማል፤ የስህተት ቁጥሩም በ7ቢ ያበቃል። እዚህ ላይ ዲስኩ ምንም አልሆነም። አዲስ ባትሪ ገብቶ፣ ማስተካከያው ወደ ቦታው ተመልሶ ኮምፒውተሩ እንደ ቀድሞው ሊነሳ ሲችል፣ በዚህ ሰበብ ብቻ ከነፋይሉ ፎርማት የሚደረገው ዲስክ ግን ጥቂት አይደለም።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው። ኬብል ለዓመታት ታጥፎና ሙቀት ሲመታው ከኖረ ጫፉ ይላላል፤ አቧራም ይገባበታል። የኃይል ገመዱን ከሶኬት ከነቀሉ በኋላ ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ አውጥተው መልሰው ይሰኩት፤ ካልሆነም ከሲዲ ማጫወቻው ላይ ያለውን ኬብል ተውሰው ይሞክሩት፤ የማዘርቦርዱንም ቀዳዳ ይለዋውጡ። ዲስኩ በአንደኛው ቀዳዳ ጠፍቶ በሌላኛው ከታየ የሚገዙት ነገር ላይኖር ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ካልሠሩ ዲስኩን ራሱን መመርመር ይገባል። በዴል ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 12ን ደጋግሞ መጫን የማስነሻ ዝርዝሩን ያመጣል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ «ዳያግኖስቲክስ» የሚለው ሲመረጥ ማሽኑ ራሱን ይፈትሻል። 2000-0142 የሚል ቁጥር ከወጣ ሃርድ ዲስኩ የራሱን ፈተና ወድቋል ማለት ነው። በኤችፒ ዴስክቶፖች ላይ ደግሞ ሲነሱ 1720 የሚል ቁጥር ያለው ማስጠንቀቂያ ከታየ፣ ዲስኩ በቅርቡ እንደሚበላሽ ራሱ እያስታወቀ ነው።

ዊንዶውሱ ገና የሚነሳ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የበለጠ ዝርዝር ያሳያል። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበው መረጃ ስማርት ይባላል፤ በዚያ ረጅም ዝርዝር ውስጥ በተለይ አራት መስመሮችን ይፈልጉ። «05» ዲስኩ ተበላሽተዋል ብሎ በሌላ የተካቸውን ሴክተሮች (መረጃ የሚጻፍባቸውን ትናንሽ ክፍልፋዮች) ብዛት፣ «ሲ5» ማንበብ አቅቶት ገና ውሳኔ ያልሰጠባቸውን፣ «ሲ6» ደግሞ ጨርሶ ማረም ያቃተውን ያሳያሉ። በእነዚህ በሦስቱ ላይ ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር፣ በተለይም በየቀኑ የሚጨምር ከሆነ፣ ዲስኩ ሊታመን እንደማይገባው ያመለክታል። «ሲ7» ግን የሚያመለክተው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል የተበላሸ የመረጃ ዝውውርን ስለሆነ፣ ሌሎቹ ዜሮ ሆነው እርሱ ብቻ ካሻቀበ መቀየር ያለበት ብዙ ጊዜ ኬብሉ ነው። ፕሮግራሙ ጥሬ ቁጥሮቹን ሲጫን በነበረበት ሁኔታ የሚያሳየው በባለ 16 የቁጥር ሥርዓት ነው፤ ስለዚህ በመጨረሻው ላይ 10 የሚል ቢያዩ ዐሥር ሳይሆን ዐሥራ ስድስት ማለት ነው።

2. ፋይሎቹን ማውጣት

ዲስኩ መታመሙ ከተረጋገጠ፣ የቀረው ዕድሜው ሁሉ ለፋይሎቹ መዋል አለበት። በዚህ ሰዓት ዊንዶውሱን ለመጠገን መሞከር፣ ቼክ ዲስክ የተባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መመርመሪያ ማስኬድ ወይም ቫይረስ ማስፈለግ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብ ማስገደድ ስለሆነ ሊያሟጥጠው ይችላል። ቼክ ዲስክ የፋይል ሥርዓቱን ለማስተካከል ሲል የተቆራረጡ ፋይሎችን ሊያስወግድም ይችላል፤ በጤነኛ ዲስክ ላይ ጠቃሚ የሆነው መሣሪያ በታመመው ላይ ጎጂ ነው።

የተሻለው መንገድ ኮምፒውተሩን በፍላሽ ላይ ካለ ሊኑክስ ማስነሳት ነው። ሊኑክስ ሚንትን በሌላ ኮምፒውተር ላይ አውርደው፣ ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ከጻፉት በኋላ፣ ምንም ሳይጭኑ ከፍላሹ ብቻ አስነስተው የዲስኩን ፋይሎች ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይችላሉ። በዚህ መንገድ ዊንዶውሱ ራሱ ሲነሳ በዲስኩ ላይ የሚያደርሰው ጫና ይቀራል። መገልበጥ ያለበትም ሊተካ ከማይችለው ተነሥቶ ነው። የቤተሰብ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የድርጅት ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ ይቅደሙ፤ ፊልምና ሙዚቃ ጊዜ ከተረፈ ይደርሳሉ።

በየቢሮው ሲረሱ የሚገኙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የፒችትሪ መረጃ ነው። ፒችትሪ የድርጅቱን ሒሳብ የሚያስቀምጠው «ዶክመንትስ» ውስጥ ሳይሆን ራሱ በከፈተው የድርጅቶች ፎልደር ውስጥ በመሆኑ፣ «ዴስክቶፕንና ዶክመንትስን ገልብጫለሁ» ያለ ሰው የዓመቱን ሒሳብ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ፎልደሩን ፈልገው በሙሉ ይገልብጡት። ሁለተኛው የግዕዝ ፎንት ነው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች ፎንታቸው በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆነው ይታያሉ። ፋይሉ ሳይበላሽ «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ከዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን አብረው ይውሰዱ። በድሮ ሲዲ የተጫነ ፎንት እንደገና ሲፈለግ በቀላሉ አይገኝም። በብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችና አድራሻዎችም እንዳይረሱ።

መገልበጡ በየፋይሉ ላይ እየተሰናከለ ካስቸገረ፣ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዲዲሬስኪው የተሻለ ነው። ይህ ፕሮግራም ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ሲገለብጥ፣ አስቸጋሪ ቦታ ሲገጥመው እዚያው እየታገለ ጊዜ ከማጥፋት ዘልሎት ያልፋል፤ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ካወጣ በኋላም ወደ አስቸጋሪው ይመለሳል። የት እንደደረሰ የሚጽፍበት መዝገብም ስላለው፣ መዝገቡን በውጭ ዲስክ ወይም በሌላ ፍላሽ ላይ እንዲያስቀምጥ ካደረጉት፣ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ይህ ለእኛ አገር ሁኔታ ትልቅ ነገር ነው። የሚገለበጥበት ዲስክ ከታመመው እኩል ወይም የበለጠ መጠን ሊኖረው ይገባል። ምንጩንና መድረሻውን አቀያይሮ የጻፈ ሰው ባዶውን ዲስክ በፋይሎቹ ላይ ስለሚገለብጥ፣ ትእዛዙን ከማስኬድዎ በፊት የሁለቱን ዲስኮች መጠንና ሞዴል ደግመው ያረጋግጡ።

«ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለው ዲስክ ግን ለእነዚህ ለአንዳቸውም አይሆንም። በውስጡ ያለው መረጃ ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ ሳያስነሱት፣ የመረጃ ማውጣት ሥራ ለሚሠራ ባለሙያ ይስጡት። ዲስኩን ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር በሰፊው የሚነገር ምክር ነው፤ ነገር ግን ቀዝቅዞ ሲወጣ መረጃው በተጻፈባቸው የውስጥ ሳህኖች ላይ የሚቋጠረው እርጥበት የነበረውን ተስፋም ያጠፋዋል። ክዳኑን ከፍቶ ማየትም እንዲሁ ነው፦ ማንበቢያው ራስ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ሲሆን የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ከዐሥር ሺህ እጥፍ በላይ ስለሚሆን፣ በተራ ክፍል ውስጥ ያለ አቧራ ለእርሱ ድንጋይ ነው።

3. ምትኩን መግዛት

ከመግዛትዎ በፊት ኮምፒውተሩን ከፍተው የዲስኩን አያያዝ ይዩ። ከዲስኩ የሚወጣው የመረጃ ገመድ ቀጭንና ባለ 7 መስመር ከሆነ ሳታ ነው፤ ሰፊና እንደ ሪባን ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ የቀደመው አይዲኢ ነው። አይዲኢ ብቻ የሚቀበል ማሽን አሁን ገንዘብ የሚወጣበት ስላልሆነ፣ ይህ መመሪያ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ አይሄድም።

ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ (መረጃን በሚሽከረከር ሳህን ሳይሆን በሜሞሪ ቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ)? በእኛ ግምት ዊንዶውስ ለሚቀመጥበት ዲስክ ይህ ጥያቄ ከተዘጋ ቆይቷል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚፈለገው ቦታ ዞሮ እስኪደርስለት ብቻ በአማካይ 4 ሚሊሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ ራሱን ወደ ቦታው ለማንቀሳቀስ የሚወስደው ጊዜ ከዚህ ሌላ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ መጠበቅ የለበትም። ኮምፒውተሩ የቆየ በመሆኑ ኤስኤስዲው ይባክናል የሚለው አስተሳሰብም ልክ አይደለም። ኦፕቲፕሌክስ 780 ያለው የሳታ ቀዳዳ በሰከንድ 3 ጊጋቢት ማለትም ቢበዛ 300 ሜጋባይት የሚያሳልፍ በመሆኑ የዛሬውን ኤስኤስዲ ግማሽ ያህሉን ፍጥነት ይገድብበታል፤ ይሁንና የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያፈጥነው የመጠበቁ መቅረት ስለሆነ ልዩነቱ ወዲያውኑ ይታያል። 7010 ደግሞ ሁለት ባለ 6 ጊጋቢት ቀዳዳዎች አሉት። ብዙ ቪዲዮ ወይም የስካነር ሰነድ የሚከማችበት ቢሮ ግን ለዊንዶውስ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ለክምችቱ ደግሞ ሃርድ ዲስክ ጎን ለጎን ቢያደርግ በዋጋም በአገልግሎትም ይሻለዋል።

የሚገዛው ኤስኤስዲ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ መሆን አለበት። ማስቲካ የሚመስለው ኤምዶትቱ የተባለው ቀጭን ዓይነት በእነዚህ ማዘርቦርዶች ላይ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። ትልቅ ሃርድ ዲስክ የሚገዛ ሰውም አንድ ገደብ ያስታውስ፦ ኤምቢአር በተባለው የቆየ አከፋፈል ከ2 ቴራባይት ጥቂት ከፍ ከሚለው መጠን በላይ ያለው ቦታ ጥቅም ላይ አይውልም፤ ከዚያ በላይ ለመጠቀም ዲስኩ በጂፒቲ መከፈል አለበት።

ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ማታለል አለ። የመጀመሪያው በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ ባለ ብዙ ቴራባይት ኤስኤስዲ ነው፤ ሲከፈት በውስጡ አነስተኛ ሜሞሪ ካርድ የሚገኝበት፣ ለኮምፒውተሩ ግን የውሸት መጠን የሚናገር አለ። ማጣሪያው ኤችቱቴስትደብልዩ በተባለው ፕሮግራም፣ በሊኑክስ ደግሞ በኤፍ3፣ ባዶውን ዲስክ እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው፤ የውሸቱ ዲስክ የእውነተኛ መጠኑ ሲያልቅ ይጋለጣል። ሁለተኛው ያገለገለውን ሃርድ ዲስክ አዲስ ነው ብሎ መሸጥ ነው። በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ የሠራበትን ሰዓት የሚያሳየውን መስመር ይመልከቱ፤ 43,800 ሰዓት ማለት ሳይጠፋ አምስት ዓመት የሠራ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ሊሰረዝ ስለሚችል ዜሮ መሆኑ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ የተፋቁ ከሆኑ ወይም የመሰኪያው ወርቃማ መስመሮች ጭረት ካለባቸው ይመልሱት። ፈተናው ሱቁ ውስጥ ሳሉ፣ ደረሰኙም በእጅዎ ሳለ ቢሆን ይመረጣል።

ከዲስኩ ጋር አንድ አዲስ የሳታ ኬብል፣ ከ2.5 ወደ 3.5 ኢንች የሚያደርስ ማቀፊያ፣ እንዲሁም የሲአር 2032 ባትሪ አብረው ይግዙ። ሦስቱም ርካሽ ናቸው፤ ሣጥኑ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ አብሮ መጨረስ ይሻላል። ለሁለተኛ ዲስክ የኃይል ጫፍ ካነሰና ከአራት ቀዳዳው የድሮ ጫፍ ወደ ሳታ የሚለውጥ ገመድ ካስፈለገዎት፣ ገመዶቹ በፕላስቲክ ውስጥ ቀልጠው የተደፈኑበትን ዓይነት አይውሰዱ፤ በውስጡ እየተነካኩ እሳት የሚያስነሡ በመኖራቸው መጥፎ ስም ያተረፈ ዓይነት ነው።

4. መንቀልና መግጠም

ኮምፒውተሩን አጥፍተው የኃይል ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ካለ እርሱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይያዙ፤ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። ሌሎቹን ገመዶች ከመንቀልዎ በፊት ጀርባውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በአንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ይገኛል፤ በኢትዮጵያ የሚሠራው በ230 ላይ ነውና በአቧራ መጥረጊያ ተገፍቶ እንዳይዞር ይጠንቀቁ።

ሣጥኑን ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ያስተኙ። በ7010 ሚኒታወር ላይ ብሎን መፍታት ሳያስፈልግ የክዳኑን መክፈቻ በመሳብ የጎኑ ክዳን ይለቃል፤ በሌሎቹ ላይ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች በባለ መስቀል ካቻቢቴ ይፍቱ። ውስጡን ከመንካትዎ በፊት ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት በእጅዎ ይንኩ፤ በሰውነት ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ወደ ቺፖቹ እንዳይሄድ በየመሐሉም ይህንኑ ይድገሙ። ከተከፈተ ዘንድ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያንሱ። የማቀዝቀዣውን ፋን በብሎወር የሚያጸዱ ከሆነ ፋኑን በጣትዎ ይያዙት፤ በንፋሱ ኃይል ከመጠን በላይ ሲሽከረከር ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ ዲስኩ ይምጡ። ሁለት ገመዶች አሉት፦ ጠባቡ የመረጃ፣ ሰፊው ባለ 15 መስመር የኃይል ነው። ሁለቱም የሚነቀሉት ጫፋቸውን ይዞ ቀጥ አድርጎ በመሳብ ነው፤ በኬብሉ ጫፍ ላይ የብረት ምላስ ካለ መጀመሪያ እርሱን ይጫኑት። ወደ ላይና ወደ ታች ማወዛወዝ የዲስኩን የፕላስቲክ ከንፈር ይሰብራል፤ ይህ ከንፈር ሲሰበር ደግሞ የመሰኪያው መስመሮች መደገፊያ አጥተው ይቀራሉ። የመረጃው ኬብል በማዘርቦርዱ ላይ የተሰካበትን ቀዳዳ ቁጥር ይያዙ፤ አዲሱም እዚያው፣ ብዙ ጊዜ «ሳታ 0» በሚለው ላይ ይሰካል።

ዴሉ ላይ ዲስኩ የተቀመጠው በሰማያዊ የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ነው። በሁለቱ ጎኖች ያሉትን ሰማያዊ ምላሶች ወደ ውስጥ ጨምቀው ሲስቡት እንደ መሳቢያ ይወጣል። ማቀፊያውን ጎኖቹን በቀስታ ወደ ውጭ ሲለጥጡት ጥርሶቹ ከዲስኩ የጎን ቀዳዳዎች ወጥተው ዲስኩን ይለቁታል፤ ለዓመታት ሙቀት የደረቀ ፕላስቲክ ስለሚሰበር መቸኮል አያስፈልግም። ኤችፒው ላይና በሌሎች ብዙ ሣጥኖች ላይ ዲስኩ በብሎን ይያያዛል። የ3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ብሎን ወፍራምና ጥርሱ ሰፋ ያለ ሲሆን የኤስኤስዲው ቀጭን ነው፤ ወፍራሙን በኤስኤስዲው ቀዳዳ ውስጥ በጉልበት ማስገባት ቀዳዳውን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ከማቀፊያው ጋር የመጡትን ብሎኖች ብቻ ይጠቀሙ።

ኤስኤስዲውን በማቀፊያው ላይ ሲያስሩ መሰኪያው ሃርድ ዲስኩ ወደነበረበት አቅጣጫ መመልከቱን ያረጋግጡ። ሁለቱም ገመዶች የመሰኪያቸው ቅርጽ ባለ ማዕዘን ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባሉ፤ የማይገባ ከመሰለ ገልብጠው ይሞክሩት እንጂ አይግፉት። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በማንኛውም አቀማመጥ ይሠራል፤ ሆኖም ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር አይተዉት። ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ባትሪዋን ቀይረው፣ ምንም ገመድ ፋኑን አለመንካቱን ይዩ።

5. ባዮስ

በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10 ተጭነው ባዮስ ውስጥ ይግቡ። አዲሱ ዲስክ በስሙ ወይም በሞዴሉ ካልታየ ወደ ገመዱ ይመለሱ። ከታየ ቀንና ሰዓቱን ይሙሉ፤ የሳታ አሠራሩንም «ኤኤችሲአይ» ያድርጉት። አሮጌው ዲስክ ወደ አዲሱ እንዳለ ተገልብጦ ከሆነና ዊንዶውሱ የተጫነው በሌላ አሠራር ከነበረ ግን የነበረውን ይተዉት፤ አለበለዚያ ቀደም ያልነው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። የሚቀረው ማስነሻው «ሌጋሲ» (የድሮው አነሳስ) ወይም «ዩኢኤፍአይ» (አዲሱ አነሳስ) መሆኑን መምረጥ ነው። አዲስ ለሚጫን ሥርዓት 7010 ላይ ዩኢኤፍአይን ይምረጡ፤ የተገለበጠ የድሮ ዊንዶውስ 7 ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው በሌጋሲ ነው።

6. መጫን

እዚህ ላይ አንድ ምርጫ አለ። ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት የሚያገኘው መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚጠይቀው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ በመሆኑ፣ ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለውን 7010 አይቀበለውም። መስፈርቱን አሳልፈው የሚጭኑ አሉ፤ ነገር ግን ወደፊት የሚመጣው ማሻሻያ ይሠራ ይሆን የሚለው ዋስትና የለውም። ኮምፒውተሩ ለኢንተርኔት፣ ለጽሕፈትና ለቪዲዮ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ሊኑክስ ሚንት የተሻለ ነው እንላለን። ፒችትሪ ወይም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ካለ ዊንዶውስ 10 ተጭኖ ከኢንተርኔት ራቅ ብሎ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል።

ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያዘጋጁ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ ካለ እስኪጨርሱ ድረስ የመረጃ ኬብሉን ይንቀሉት፤ ጫኙ ፕሮግራም የማስነሻ ፋይሎቹን በተሳሳተው ዲስክ ላይ እንዳያስቀምጥ፣ እርስዎም የፋይሎቹን ዲስክ በስህተት እንዳያጠፉ ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ የለም። ከዚያ በዴል ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ተጭነው ፍላሹን ይምረጡ፤ ዲስኩ የሚመረጥበት መስኮት ሲመጣ አዲሱ ዲስክ ያልተከፋፈለ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። 256 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠው እዚያ 238 ሆኖ ቢያዩት አልተታለሉም፤ አምራቹ ጊጋባይትን በአንድ ቢሊዮን ባይት ሲቆጥር ዊንዶውስ ደግሞ በ1,073,741,824 ስለሚያካፍል ነው።

የዊንዶውስ 10 ፈቃድ የሚታሰረው በዋናነት ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ቀድሞ በዚሁ የዊንዶውስ ዓይነት ተፈቅዶለት ከነበረ ቁልፉ ሲጠየቅ ዘልለው ይለፉ፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይፈቀዳል። ተጭኖ ሲያበቃ በመጀመሪያ የኔትወርክና የስክሪን ድራይቨሮችን፣ ቀጥሎ የግዕዝ ፎንቶቹን፣ በመጨረሻ ፋይሎቹን ይመልሱ። ከተመለሱት ውስጥ ጥቂት የድሮ ደብዳቤዎችን፣ ጥቂት ፎቶዎችንና የሒሳብ መዝገቡን ከፍተው ሳያዩ አሮጌውን ዲስክ ከእጅዎ አያውጡ።

7. አሮጌው ዲስክና የአዲሱ ክትትል

የተበላሸ ዲስክ ኮምፒውተሩን ማስነሳት አቃተው እንጂ በውስጡ ያለው መረጃ አልጠፋም፤ በቁራሌው እጅ ሲዞር የድርጅቱ ደብዳቤም አብሮ ይዞራል። ፋይሎቹ በሙሉ መመለሳቸው ከተረጋገጠ በኋላ ዲስኩ አሁንም የሚነበብ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይጻፉበት፤ የማይነበብ ከሆነ በድሪል ሳህኖቹን አልፎ እስኪወጣ በሁለት ሦስት ቦታ ይብሱት፤ ስትሠሩ የዐይን መከላከያ መነፅር አድርጉ። መረጃው ገና ወደ ባለሙያ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በደረቅ ካርቶን ጠቅልለው፣ የተነቀለበትን ኮምፒውተርና ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት።

አዲሱን ዲስክ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ለመጠበቅ ዩፒኤስ ቢኖር ይመረጣል፤ ከሌለም መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን አጥፍቶ ኃይሉ እስኪረጋ መጠበቅ ይረዳል። ኤስኤስዲ ዲፍራግመንት (የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን መልሶ ማሰባሰብ) አያስፈልገውም፤ ዊንዶውስ 10 የሚገባውን እንክብካቤ በራሱ ያደርግለታል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከሠራበት በኋላ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን እንደገና ይክፈቱ። «ሲ7» ከፍ ማለት ከጀመረ አዲሱን ኬብል በሌላ ይተኩት፤ ፕሮግራሙ ስለ ዲስኩ ራሱ ቢጫ ወይም ቀይ ምልክት ካሳየ ግን የሱቁ የመመለሻ ጊዜ ሳያልፍ ዲስኩን ከነደረሰኙ ይዘው ይሂዱ።